ድንኳን ከመተከሉ በፊት



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ብዙ ቤት የገባ፣ ነገር ግን በየቤቱ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ነው። ይኸውም የካንሰር በሽታ ነው። ዓላማችን የበሽታውን ዓይነትና መንስኤ መዘርዘር አይደለም። በካንሰር የታመመ ሰውና ቤተሰቡ በረጅሙ የሕክምና ጉዞ እነማን ከጎናቸው እንደሚቆሙ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ምን እንደሆነ፣ እኛ ዘመድ፣ ወዳጅና ጎረቤት የሆንን ሰዎችስ በመካከላቸው ምን ቦታ እንዳለን ለመወያየት ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን አንድ ሰው ወደ አኼራ ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃነቃል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳሕኑ ይመጣል፤ ወጣቶች ቀብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶች እንጀራና ወጥ ይዘው ይገባሉ፤ ሐዘንተኛው ለብቻው አያድርም። ይህ የምንኮራበት መልካም ልማዳችን ነው። ይሁንና አንድ ጥያቄ እናንሳ። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ዓመት በአልጋ ላይ ሲማቅቅ ከቤተሰቡ ጋር ማን ነበር? ሌሊት በሕመም ሲያቃስት አጠገቡ ማን ተቀመጠ? ሚስቱ ሆስፒታል ወረፋ ይዛ ስትውል ልጆቹን ማን ምሳ አበላ? መልሱ በአብዛኛው «ሚስቱ ብቻዋን» ወይም «ትልቋ ልጁ ብቻዋን» የሚል ነው። ድንኳኑ ሲተከል ተሰብስበን የምንመጣ ሰዎች ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት የት ነበርን?

ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በካንሰር መያዛቸው ታውቋል። በዚያው ዓመት 9.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም በዓመቱ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ አዲስ ታማሚዎች እንደነበሩ ይገመታል። በሴቶች ዘንድ የጡትና የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። በዚህ ላይ የመንገዱ ርቀት አለ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ቢጀመር፣ ሕመምተኛውን ይዞ፣ ከብቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ለዘመድ አደራ ብሎ አገር አቋርጦ የሚመጣው ቤተሰብ ዛሬም ብዙ ነው።

የአንድ ሐኪም ሥራ አይደለም

አብዛኛዎቻችን ሆስፒታል ስንደርስ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዋናው ዶክተር የታሉ?» የሚል። ተስፋችንን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ እንጥላለን። ያ ሐኪም ግን በቀን እጅግ ብዙ ሰው ያያል። ከእኛ ጋር የሚቆየውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ያልጠየቅነውን ሁሉ ተሸክመን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ሌሊቱን ስንጨነቅ እናድራለን። የሚያሳዝነው ደግሞ ከጥያቄዎቻችን ብዙዎቹን ሊመልሱልን የሚችሉ ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ አጠገባችን አልፈው መሄዳቸው ነው።

የካንሰር ሕክምና ከመጀመሪያውም የብዙ ሰዎች ሥራ ነው። ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታው ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚለየው ፓቶሎጂስት ነው። ሕመምተኛው ይህን ባለሙያ በዓይኑ ላያየው ይችላል። ነገር ግን ቀጣዩ እርምጃ ሁሉ በእርሱ ቃል ላይ ይመሠረታል። እብጠቱን የሚያወጣው ቀዶ ሐኪም ነው። ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና የሚያዘው የካንሰር ስፔሻሊስት ነው። የጨረሩን መጠን የሚያሰላ የፊዚክስ ባለሙያ አለ፤ በየቀኑ ሕመምተኛውን በመሣሪያው ሥር አስተኝቶ ጨረሩን የሚሰጥ ቴክኖሎጂስት አለ። ከእነዚህም ጋር ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ የምግብ ባለሙያው፣ የአካል እንቅስቃሴ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና በተለምዶ ሶሻል ወርከር የምንለው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይሰለፋሉ።

ይህ በኅብረት የማስታመም አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በመዲና መስጊድ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። ያ ድንኳን የሐዘን ሳይሆን የማስታመሚያ ድንኳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ በሱልጣን ቀላውን የተሠራው የመንሱሪ ሆስፒታልም በበሽታ ዓይነት የተለያዩ ክፍሎች፣ ወንድና ሴት አስታማሚዎች እንዲሁም የራሱ መድኃኒት ቤት ነበረው። ወጪውም በወቅፍ ይሸፈን ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ደግሞ የእንግሊዟ ሲስሊ ሳንደርስ ይጠቀሳሉ። እኚህ ሴት መጀመሪያ ነርስ ነበሩ። ቀጥለው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ሆኑ። በመጨረሻም ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን በመክፈት በጽኑ ለታመሙ ሰዎች የሚሰጠውን እንክብካቤ መልክ ለውጠውታል። ሦስቱንም ሙያዎች በራሳቸው ያዩት እኚህ ሐኪም የደረሱበት ግንዛቤ፣ የካንሰር ሕመምተኛ ስቃይ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ነው። አካሉ ያመዋል፤ ልቡ ይጨነቃል፤ ስለ ልጆቹና ስለ ኑሮው ያስባል፤ ስለ ነፍሱና ስለ ፈጣሪው ይጠይቃል። እነዚህን አራት ስቃዮች አንድ ሰው ብቻውን ሊያስታግሳቸው አይችልም። የእንክብካቤ ቡድን ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ማንን ምን እንጠይቅ?

ከሁሉም በላይ ከሕመምተኛው ጋር ረጅም ሰዓት የምታሳልፈው ነርሷ ናት። በየሃያ አንድ ቀኑም ሆነ በሌላ ቀጠሮ ኬሞቴራፒ ለመውሰድ ሲመጣ መርፌውን የምትሰካለት፣ ሲያስመልሰው የምትደግፈው፣ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ስንት ላይ እንደደረሰ የምትጠይቀው እርሷ ናት። ቤተሰቡ ከነርሷ ሊማራቸው የሚገቡ ብዙ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ ኬሞቴራፒ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል። ስለዚህ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ባሉት ቀናት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ «እስኪነጋ እንጠብቅ» ማለት አይገባም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ አንድ የሙቀት መለኪያ መኖሩ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ፋርማሲስቱን መድኃኒት በመስኮት የሚያቀብል ሰው አድርገን ብቻ እንዳናየው። መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማ አይስማማ የሚያውቀው እርሱ ነው። በብዙ ቤታችን ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና የተለያዩ ቅጠላ ቅጠሎች ለሕመምተኛ ይሰጣሉ። ይህን ከባለሙያ መደበቅ ግን ጥሩ አይደለም። አንዳንድ ዕፅዋት የኬሞቴራፒን ሥራ ሊያውኩ ወይም ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉና የሚወሰደውን ሁሉ ሳያፍሩ መንገር ይገባል። በቁርኣን መታከምና ዱዓእ ማድረግ ከሐኪም መድኃኒት ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም። አንዱን ለማድረግ ሌላውን ማቋረጥ ነው ጉዳት የሚያመጣው።

የምግብ ባለሙያው አፉ ለቆሰለና ጠረን ለሚያስጠላው ሰው ምን እንደሚስማማ ይመክራል። በቀን ሦስት ጊዜ ትልቅ ማዕድ ከማቅረብ ይልቅ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ ማቅረቡ ይሻላል። «ብላ! ካልበላህ ትሞታለህ!» እያሉ ማስጨነቅ ግን ሕመምተኛውን ያሳዝነዋል እንጂ አይጠቅመውም። የአካል እንቅስቃሴ ሐኪሙ በበኩሉ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደ እህት ክንዷ እንዳይደርቅና እንዳያብጥ የምትሠራውን እንቅስቃሴ ያሳያታል።

ሶሻል ወርከሩ የሚጠየቀው ደግሞ ሐኪሙን ለመጠየቅ የምናፍርበትን ጉዳይ ነው። ገንዘብ አልቋል፤ ማደሪያ የለም፤ የልጆቹ ትምህርት ሊቋረጥ ነው። እዚህ ላይ በአገራችን ያሉ በጎ ሥራዎችን ማንሳት ይገባል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕመምተኞች ማረፊያ ሲሰጥ ቆይቷል። በካንሰር ለታመሙ ሕፃናትና ለወላጆቻቸው ማረፊያ የሚሰጠውን ተስፋ አዲስንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ ነርሶቹን በአዲስ አበባ ቤት ለቤት በመላክ ይታወቃል። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያሉ በሮች መኖራቸውን ሳያውቅ በመንገድ ዳር ካደረ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሳንነግረው የቀረን ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን።

«አይንገሩብን!»

በአገራችን የካንሰር ሐኪሞችና ነርሶች በተደጋጋሚ የሚገጥማቸው አንድ ነገር አለ። ቤተሰቡ ከሕመምተኛው ቀድሞ ወደ ክፍሉ ይገባና «እባክዎ ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን አይንገሩብን፤ ልቡ ይሰበራል» ይላል። ይህን የሚናገረው ከፍቅር የተነሳ መሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ፍቅራችን ምን እንደሚያስከትል ቆም ብለን እናስብ።

ሕመምተኛው ሞኝ አይደለም። ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ሰውነቱ ሲከሳ፣ ቤተሰቡ ሲገባ ዝም ሲል ያስተውላል። የያዘውን በሽታ ቢጠረጥርም እኛን ላለማስጨነቅ ብሎ አይጠይቅም። እኛም እርሱን ላለማስጨነቅ ብለን አንናገርም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ሁላችንም ለየብቻችን እናለቅሳለን። አንዳንዱም የሚሰጠው መድኃኒት ለምን እንደሆነ ስላልተነገረው «ይህ መርፌ ነው የባሰ ያሳመመኝ» ብሎ ሕክምናውን ያቋርጣል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ሳያስመዘግብ፣ አደራ የያዘ አደራውን ሳይመልስ፣ ወሲያ ሊያደርግ የፈለገ ሳያደርግ፣ የተጣላውን ሰው ዐፍው ሳይለው ይሄዳል። ለአንድ ሙስሊም ይህ ቀላል ነገር ነውን? በእዝነት ስም መብቱን ነጥቀነዋል ማለት ነው።

ታዲያ በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ዱብ ዕዳ ይነገረው ማለታችን አይደለም። የሠለጠነ ሐኪም ወይም ነርስ መጀመሪያ ሕመምተኛው ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ ምን ያህልስ ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠይቃል። እርሱ በሚችለው መጠን በእርጋታ ይነግረዋል። «ለታላቅ ወንድሜ ንገሩልኝ» ያለ ሰው ምርጫው ይከበርለታል። የቤተሰቡ ድርሻ «እንዴት እንንገረው?» ብሎ ከባለሙያዎቹ ጋር መማከር ነው። ሕፃናት ልጆችንም አንርሳ። ምንም ያልተነገራቸው ልጆች «አባዬ የታመመው እኔ ስላስቸገርኩት ነው» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን መንገር ከዚህ ሸክም ያሳርፋቸዋል።

ሕመምን መታገሥና መታከም

«ሶብር አድርግ!» የሚለው ቃል በሕመምተኛ አጠገብ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ሶብር ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሶብር ማለት መድኃኒት እያለ መሰቃየት ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሕመም በሦስት ደረጃ የማስታገስ መመሪያ አውጥቷል። ለቀላል ሕመም ቀላል ማስታገሻ፣ ለበረታው ጠንከር ያለ፣ ለጽኑው ደግሞ እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት ይሰጣል።

ሞርፊን ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። «ሱስ ያስይዛል»፣ «ይህን ካዘዙለት በቃ አልቆለታል» ይባላል። በሐኪም ትእዛዝ በትክክለኛው መጠን ለካንሰር ሕመም የተሰጠ ሞርፊን ሰውን ሱሰኛ የማድረግ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይወሰዳል። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። የፊቅህ ሊቃውንትም ለሕክምና አስፈላጊ ሲሆንና በባለሙያ ሲታዘዝ እንዲህ ያለውን መድኃኒት መጠቀም እንደሚፈቀድ ይገልጻሉ። በኡጋንዳ ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ሕመምተኛው እንዳይሰቃይ ሲባል እ.ኤ.አ. በ2004 በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ሕግ ተፈቅዶላቸዋል። አንዲት ነርስ በትክክል ሠልጥና ከተላከች የስንቱን ቤት ሌሊት ማቅለል እንደምትችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕመምን የማስታገስና ቤተሰብን የመደገፍ እንክብካቤ፣ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው፣ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ብቻ የሚጀመር የሚመስላቸው አሉ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በ151 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ከካንሰር ሕክምናው ጋር ይህን እንክብካቤ ከመጀመሪያው ያገኙት ሕመምተኞች የድብርት ስሜታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም በላይ የኖሩበት ጊዜ መካከለኛ 11.6 ወር ሲሆን፣ እንክብካቤውን ከመጀመሪያው ያላገኙት ግን 8.9 ወር ነበር። እድሜ በአላህ (ሱ.ወ) እጅ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ድጋፍን ማስቀደም ሰበብን ማድረስ እንጂ እጅ መስጠት እንዳልሆነ ያስተምረናል።

በእምነት ጉዳይ የሚነሱ ጥያቄዎች

ሙስሊም ሕመምተኞች ከሕክምናው ጋር የሚያነሷቸው የራሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ስለዚህ ኢማሞችና ዑለማዎችም የዚህ ቡድን አባላት ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። በረመዳን ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው «ጾሜን አላፈርስም» ብሎ ውኃ ሳይጠጣ ሲውል ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ለሕመምተኛ ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑን፣ ሲድን ቀዷ እንደሚያወጣ፣ መዳኑ የማይጠበቅ ከሆነም ፊድያ እንደሚከፍል በረጋ አንደበት የሚነግረው ሼኽ ከመድኃኒት ያላነሰ ጥቅም ይሰጠዋል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው ተኝቶ እንደሚሰግድ፣ ውኃ የሚጎዳው ተየሙም እንደሚያደርግ ማስታወስም እንዲሁ ነው። ጤነኛው ሰው እነዚህን ሩኽሳዎች ያውቃቸዋል፤ ሕመምተኛው ግን የሚያረጋግጥለት ሰው ይፈልጋል።

የእህቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት በሐያእ ምክንያት ወራት ትቆያለች፤ በመጨረሻ የምትመጣው ቁስሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሴት ሐኪም እንድታያት መጠየቅ መብቷ ነው። ሴት ሐኪም ካልተገኘች ግን በአስፈላጊነቱ ልክ በወንድ ሐኪም መታየት እንደሚፈቀድ ዑለማዎች አስተምረዋል። ባሎች፣ ወንድሞችና አባቶች ይህን አውቀው ራሳቸው ይዘዋት ሊሄዱ ይገባል። የእናንተ አንድ ቃል ስድስት ወር ሊያድን ይችላል። ሴቶች ወጣቶቻችን በሕክምናና በነርስነት ሙያ እንዲሠለጥኑ ማበረታታትም የዚሁ አካል ነው።

ጎረቤትም የቡድኑ አባል ነው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሕመምተኛው በሆስፒታል የሚያሳልፈው ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው በቤቱ ነው። በቤቱ ውስጥስ ማን ይደግፈው?

በደቡብ ሕንድ በኬረላ ክፍለ ግዛት የተደረገውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 በኮዢኮድ ከተማ ጥቂት ሐኪሞችና ጓደኞቻቸው ለካንሰር ሕመምተኞች ሕመም ማስታገሻ የሚሆን አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ከፈቱ። ብዙም ሳይቆዩ የሐኪሞች ቁጥር ከሕመምተኛው ብዛት ጋር ፈጽሞ እንደማይመጣጠን ተገነዘቡ። ስለዚህ ሥራውን ለሰፈሩ ሰው አካፈሉት። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በማላፑራም አውራጃ ሱቅ ጠባቂው፣ አስተማሪው፣ ተማሪውና የቤት እመቤቷ አጭር ሥልጠና ወሰዱ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት እየሰጡ በየሰፈራቸው ያለውን ሕመምተኛ ይጠይቃሉ። የጎደለውን አይተው ለነርሷ ይነግራሉ። ነርሷም በተራዋ ቤቱ ድረስ ትመጣለች። ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ከነዋሪው በሚሰበሰብ አነስተኛ መዋጮ ነበር። የግዛቱ መንግሥትም ይህን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የማስታገሻ እንክብካቤን በፖሊሲው አካትቶታል።

በኬረላ ያለው እኛ ዘንድ የሌለ ነገር ምንድን ነው? መዋጮ እንሰበስባለን፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለን፤ የእያንዳንዱን አባወራ ቤት እናውቃለን፤ ጥሪ ሲተላለፍ ሁሉም ይወጣል። እድራችን ማለት ይህ ነው። የጎደለን ጊዜው ብቻ ነው። የምንነሳው ከሞት በኋላ ነው። ሕመምተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ወንድሙ ላይ ካሉት ሐቆች አንዱ ነው። ይህንን ሐቅ እንደ ጀናዛ ሁሉ በጀመዓ ብናደራጀው ምን ይከለክለናል? ለመነሻ ያህል የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ. እያንዳንዱ እድር ወይም የመስጊድ ጀመዓ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች መርጦ በሰፈሩ በጽኑ የታመሙትን እንዲከታተሉ ቢያደርግ። እነዚህ ሰዎች ምሥጢር ጠባቂ መሆን አለባቸው። የሕመምተኛ ገመና በቡና ላይ የሚወራ ወሬ አይደለም።

2ኛ. ለአስታማሚዋ ተራ ቢወጣላት። በሳምንት አንድ ሌሊት ሌላ ሰው ቢያድርላት፣ አንድ ቀን ልጆቿን ቢይዝላት እርሷም ትታከማለች። አስታማሚ ስትወድቅ ሁለት ሕመምተኛ ነው የሚሆነው።

3ኛ. ለቀጠሮ የሚሄድ ሰው ብቻውን እንዳይሄድ። አብሮ የሚሄደው ወጣት ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በደብተር ጽፎ፣ የሐኪሙንና የነርሷን መልስ መዝግቦ ቢመለስ ቤተሰቡ ከብዙ ግራ መጋባት ይድናል።

4ኛ. ዚያራችንን እናስተካክል። ሃያ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት መቀመጡ፣ ጉንፋን ይዞ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ዘንድ መሄዱ፣ «እገሌም በዚሁ በሽታ ሞተ» እያሉ ማውራቱ ጉዳት ነው። አጠር ያለ ጉብኝት፣ መልካም ቃልና ዱዓእ ይበቃል።

5ኛ. በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ለሐዘን ብዙ ገንዘብ ይልካሉ። ከዚሁ ላይ ከፍለው ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ለመድኃኒት፣ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ቢልኩ ጥቅሙ ይበልጣል። ከሩቅ ሆነው «ወደዚህ ውሰዱት፣ ያንን አቁሙ» ብለው ከማዘዛቸው በፊትም አጠገቡ የዋለችውን እህታቸውን ቢያዳምጡ መልካም ነው።

6ኛ. ሕመምተኛው ቢሞትም ሥራው አላለቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ማስታገሻ እንክብካቤ በሰጠው ፍቺ ላይ በሐዘን ወቅት ቤተሰብን መደገፍንም አካትቷል። ድንኳኑ ተነቅሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ በዒዳ ላይ ያለችው እናት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቀመጣለች። ሴቶች እህቶቿ በእነዚያ ቀናት እየተመላለሱ ቢጠይቋት፣ የተጠራቀመውን ዕዳ በማስተካከል ቢያግዟት ትበረታለች።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ ምንም ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላነሳንም። ሐኪሙ የሐኪምን፣ ነርሷ የነርስን ሥራ ትሥራ። በሌሊት ውኃ ማቀበል፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ለቀጠሮ ታክሲ መያዝ ግን ዲግሪ አይፈልግም። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከቤታችሁ ግራና ቀኝ ያለውን አስቡ። ለወራት ደጅ ሳይወጣ የቆየ ሰው ካለ፣ ቀጥሎ ባለው ጁሙዓ ሳይሆን ዛሬውኑ በሩን አንኳኩ። «ምን ላግዝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አብዛኛው ሰው «ምንም፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የሚለው። «ነገ እኔ እዚህ አድራለሁ፤ አንቺ ተኚ» በሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሙትም ጉልበትና ምንዳ ይስጣቸው፤ ወደ አኼራ የሄዱትን ይማርልን። አሚን።